የብራናን ቀለም ሂስቶግራም ብቻውን ሊዳኘው አይገባም

ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን በዲጂታል ካሜራ አንሥቶ ማቆየት፣ ይዘታቸውን ከእሳት፣ ከውኃና ከስርቆት የሚታደግ ሥራ ነው። ሆኖም ምስሉ ከተነሣ በኋላ በኮምፒዩተር የሚደረገው የብርሃን ማስተካከያ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ የማሳመሪያ ተግባር ሲቆጠር ይታያል። ይህ አመለካከት መታረም አለበት፤ ያለ መመሪያ የተደረገ ማስተካከያ የታሪክ ማስረጃን ያጠፋልና።

ሂስቶግራም በአንድ ምስል ውስጥ ምን ያህል ፒክሰሎች በየትኛው የብርሃን ደረጃ ላይ እንደሚገኙ የሚያሳይ ግራፍ ነው። ባለ 8 ቢት ምስል በእያንዳንዱ የቀለም ቻናል 256 ደረጃዎች አሉት፤ 0 ፍጹም ጨለማን፣ 255 ደግሞ የብርሃንን ጣሪያ ያመለክታል። በፎቶሾፕና በመሰል ሶፍትዌሮች የሚገኘው ሌቭልስ የተባለው መሣሪያ ሦስት መቆጣጠሪያዎች አሉት፤ እነርሱም የጥቁር ነጥብ፣ የነጭ ነጥብ እና በሁለቱ መካከል ያለውን ብርሃን የሚወስነው ጋማ ናቸው።

ባለሙያው የጥቁሩን ነጥብ በ60፣ የነጩን ደግሞ በ200 ላይ ቢያደርግ፣ ከ60 በታች ያለው ሁሉ ወደ 0፣ ከ200 በላይ ያለውም ወደ 255 ይጠቀለላል። በመካከል የነበሩት 141 ደረጃዎች በ256 ቦታ ላይ ስለሚዘረጉ 115 ቦታዎች ባዶ ይቀራሉ፤ ግራፉም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ምስሉ በዚህ መልክ ከተቀመጠ በኋላ የተጠቀለለውን ልዩነት መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የስሕተቱ ምንጭ ግራፉ ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ምስል ሁልጊዜ ጥሩ ነው የሚለው ልማድ ነው። ብራና ግን ነጭ ወረቀት አይደለም። ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ የሚያደላ ቆዳ በመሆኑ፣ በትክክል የተነሣ ገጽ ፍጹም ነጭ ፒክሰል ባይኖረው ጉድለት አይባልም። ሶፍትዌሩ ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ በራሱ ሲዘረጋ፣ ዝቅተኛ የነበረው ሰማያዊ ቻናል ከሌሎቹ ጋር ይስተካከልና የቆዳው ቢጫነት ይጠፋል። ቅዱሳት ስሞች የተጻፉበት ቀይ ቀለምም ከእውነተኛ መልኩ ይርቃል።

ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል። በወስፌ የተሰመረው የመስመር ምልክት በምስል ላይ የሚታየው በስስ ጥላነት ነው። የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ስም በተተካበት ቦታም የሚቀረው ከቆዳው ጥቂት የተለየ ጥላ ብቻ ነው። የነጩ ነጥብ ወደ ግራ በተሳበ ቁጥር እነዚህ ምልክቶች ወደ 255 ተጠቅልለው ይሰወራሉ። የመጽሐፉን አሠራርና የባለቤትነቱን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ዋና ማስረጃውን የሚያጣው እንዲህ ነው።

የደበዘዘ ጽሑፍ ያለ ማስተካከያ አይነበብም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሁለት ቅጂ መያዝ ነው። ዋናው ፋይል ሳይነካ በ16 ቢት ይቀመጥ፤ ለንባብ የሚሆነው ቅጂ እንደ አስፈላጊነቱ ይስተካከል። ባለ 16 ቢት ፋይል ሳይታመቅ ሲቀመጥ ከባለ 8 ቢቱ እጥፍ ቦታ መያዙ አይካድም። ይሁንና ዲስክ በገንዘብ ይተካል፤ ከዋናው ፋይል የጠፋ መረጃ ግን መጽሐፉ ዳግመኛ ካልተገኘ በምንም አይተካም።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። ሥራው ለግዕዝ ጥናት ያበረከተው ውለታ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ከጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ መለየት አዳጋች ነው። ያ ገደብ የዘመኑ መሣሪያ ያስከተለው ነበር። ዛሬ ቀለሙን መያዝ እየተቻለ ማጥፋት ግን በመሣሪያ አይመካኝም።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄዱ የዲጂታል ቅጅ ሥራዎች ሦስት ነገሮችን ግዴታ ሊያደርጉ ይገባል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የፎቶግራፍ ክፍለ ጊዜ የቀለም መመዘኛ ካርድ አብሮ ይነሣ፤ የነጩ ነጥብም ከብራናው ሳይሆን ከካርዱ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ በራስ ሰር የሚሠራ ማስተካከያ በዋናው ፋይል ላይ ፈጽሞ አይፈቀድ። ሦስተኛ፣ ለንባብ ቅጂው የተመረጡት የጥቁር ነጥብ፣ የጋማና የነጭ ነጥብ ቁጥሮች በመዝገብ ይስፈሩ። ሦስት ቁጥሮችን መመዝገብ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ተመራማሪው የሚያየው ጥላ የብራናው ይሁን የሶፍትዌሩ ለይቶ የሚያውቀው ግን በእነርሱ ነው።