ላዳና ዲኤክስ በሶደሬ መንገድ

የላዳ ሰው ዲኤክስ ሲነሳበት ፊቱን ያጠቁራል፤ የዲኤክስ ሰው ደግሞ ላዳ ሲባል ሳቁን አይችልም። ሁለቱንም በየተራ ይዤ ስለኖርኩ ሁለቱም ወገን ያማኛል። ግድ የለም። ስለ ፈጣን መኪና ወሬ ሲነሳ የሚጠራው ስም ሁሉ ከጀርመንና ከጣሊያን ነው፤ እኛ ደጃፍ የቆሙት እነዚህ አሮጌዎች ግን ሞተራቸው ከፊት ነው፣ የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው፣ ማርሻቸው በእጅ ነው፣ ሰውነታቸውም ቀላል። ለመንዳት ደስታ ሌላ ምን ያስፈልጋል? (ባለቤቴን ከጠየቃችሁ፣ የአየር ማቀዝቀዣ።)

ላዳን በታክሲነቷ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዘሯን አያውቅም። እናቷ ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠች ናት። ሶቪየቶች ፈቃዷን ገዝተው ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ሲያመርቷት ለራሳቸው መንገድ እንድትሆን ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው በከበሮ ተኩት። ሞተሯን ግን አሻሻሉት፤ ካም ሻፍቱን ከሥር አንስተው ቴስታታው ላይ ሰቀሉት። የእኔዋ 2107 ይህንኑ ሞተር በ1.5 ሊትር ነበር የያዘችው። ዲኤክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው የኮሮላ ትውልድ ነው። ሞተሩ 1.3 ሊትር ሲሆን ካም ሻፍቱ እንደ ድሮው ከታች ተቀምጦ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንግ ይገፋል። በወረቀት ከሆነ ላዳ ረታች።

ወረቀቱ ላይ ያለው ጉልበት ግን የባሕር ጠረፍ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። እዚያ ከተማ ውስጥ ሁለቱም መኪኖች ከአምስት አንድ እጅ የሚሆን ጉልበታቸውን ጥለው ነው የሚውሉት። ይሄ ጉድለት ይበልጥ የሚታወቀው ከ1,000 ኪሎ በላይ በምትመዝነው ላዳ ላይ ነው። 900 ኪሎ ገደማ የሆነው ዲኤክስ አቀበቱን እንደምንም ይወጣዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሚፈርድ ሁሉ ለዲኤክስ ይፈርዳል።

አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሶደሬ አዋሽ ዳር ወርዳ 1,400 አካባቢ። ከአዳማ ወጥታችሁ ያንን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትይዙት ላዳ ሌላ መኪና ትሆናለች። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስትረግጡላት ታክሲ ተራ ላይ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ታወጣለች። በማለዳ ከሆነ ነው ታዲያ፤ እኩለ ቀን ላይ የሶደሬ ሙቀት አየሩን ያሳሳውና ቁልቁለቱ የሰጣችሁን ጉልበት ከፊሉን መልሶ ይወስደዋል። ካርቡሬተሩን አዲስ አበባ ላይ ያስተካከለ ሰውም ይጠንቀቅ። እዚያ ለቀጭኑ አየር ብሎ ቤንዚኑን ካስቀነሰ፣ እዚህ አየሩ ሲወፍር ቤንዚን ያንስና ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል። የሶደሬን ዝንጀሮና ጦጣ ሌብነት የሚያስጠነቅቅ ሰው ሞልቷል፤ ይሄን የሚነግራችሁ ግን የለም።

በሞተር እንግዲህ ፍርዴ ለላዳ ነው። ግን ማርሹ በእጅ የሆነ መኪና የሚወደደው በካምቢዮው ነው፤ እዚህ ላይ ላዳ ተሸነፈች። የላዳ ማርሽ እንጨት ረጅም ነው፤ ክንዳችሁን ሙሉ ዘርግታችሁ ትገፉታላችሁ፤ ይገባል፣ ግን በራሱ ሰዓት። የዲኤክሱ በአንጓ ብቻ ይበቃዋል። ቁልቁለቱን በፎሌ ለሚወርድ ሰው (ያውም ፍሬኑን እያቃጠለ) ልዩነቱ ምንም ነው። በማርሽ ይዞ ለሚወርድ ግን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲያወርድ እጁና እግሩ እንዲስማሙለት የሚያደርገው ዲኤክስ ነው።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን የ85 ኪሎ ሜትር የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ አታንሱብኝ። አራት ማርሽ ብቻ ላለው መኪና እዚያ መንዳት ጩኸት ብቻ ነው።

ዋጋው ሌላ ታሪክ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። የገባው ገብቷል፤ ቀሪው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከፍታ አይጎዳውም፣ እንጦጦም ሶደሬም ለሱ አንድ ናቸው፤ ያንን አደንቃለሁ። ማርሽ ስለሌለው ግን ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግሬ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ያንን አልወደድኩለትም። የአዳማ ወጣቶች ማርሚታውን እያስጮኹ ጎማውን እያሰፉ ዲኤክስን የሙጥኝ ማለታቸው አይገርመኝም፤ ምንም እንኳ በእኔ ሰፈር በሌሊት ባያስጮኹት ደስ ቢለኝም።

የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ ዲኤክስ ነው። መለዋወጫውም እንደ ላዳ አያንከራትትም። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ግን ሞተሩን አሙቆ፣ መንገድ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቶሎ ያውርደው፤ ካምቢዮው ከተንጫረረ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ዋጋውን ያስቀንስ።