ሳይቸግር ጤፍ ብድር

በዚህ ዓምድ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ንግድ ፈቃድ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ስለምትመስል፣ ነገር ግን በየወሩ ከኪሳችን ስለምትወጣ ገንዘብ ላነሳ እወዳለሁ። ይኸውም እዚህ አሜሪካ ለቤታችን የኬብል ኢንተርኔት የምንከፍለው የሞደም ኪራይ ነው።

እኔም ከከፋዮቹ አንዱ ነበርኩ። አሁን ወዳለንበት ቤት ስንገባ የኬብል ኩባንያው ሠራተኛ ሞደሙን ሰክቶልን ሄደ፤ እኛም አመስግነን ሸኘነው። ባለቤቴ በቤታችን የሕፃናት መዋያ ለመክፈት አስባ ወጪያችንን በወረቀት ላይ ስናሰፍር ነው ቢሉን መስመር በመስመር ያነበብነው። «የዕቃ ኪራይ 14 ዶላር» ይላል። ስድስት ዓመት ከፍለናል፤ በድምሩ 1,008 ዶላር ማለት ነው! ሞደሙ ግን ዛሬም የእኛ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በእኔ አስተያየት፣ በአንድ አድራሻ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ሞደሙን ገዝቶ ቢገላገል ይሻለዋል። ሕጉም ከጎኑ ነው። ኮንግረስ በ2019 ያወጣውና ከዲሴምበር 20 ቀን 2020 ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ ደንበኛው በራሱ ዕቃ እየተጠቀመ ሳለ ኩባንያው የዕቃ ኪራይ እንዳይጠይቀው ከልክሏል።

ይሁን እንጂ ወደ መደብር ከመሮጥ በፊት መጠየቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር ምንድን ነው? ለቴሌቪዥን የምናውቀው፣ ጫፉ እየተጠመዘዘ የሚታሰረው ክብ ገመድ ከሆነ የኬብል ሞደም ይሠራበታል፤ ፋይበር ከሆነ ግን አይሠራም። ሁለተኛ፣ የምትገዙት ሞደም ኩባንያው በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አለን? ሦስተኛ፣ በካርቶኑ ላይ «ዶክሲስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 3.0 በ2006 የወጣ ደረጃ ነው፤ ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው 3.1 ቢገዛ ቶሎ አያረጅበትም። አራተኛ፣ ብዙ ሞደሞች ዋይፋይ የላቸውም፤ ራውተር ለብቻው ያስፈልጋል። የቤት ስልካችሁም በዚሁ ገመድ የሚመጣ ከሆነ፣ የስልክ መሰኪያ ያለውን ሞደም መምረጥ ግድ ነው፤ አለበለዚያ እናት አባት ከአገር ቤት ሲደውሉ መስመሩ ዝም ይላል።

ርካሽ ነው ተብሎ ከመንገድ የሚገዛ አሮጌ ሞደም ግን ይቅርባችሁ። የኬብል ኩባንያው ንብረት ሆኖ ከተገኘ አይከፈትላችሁም፤ ገንዘባችሁም አይመለስም።

«ሲበላሽስ ማን ይለውጥልናል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የተከራዩትን ኩባንያው ይለውጣል፣ የገዙትን ግን ዋስትናው እስካለ ድረስ የሚለውጠው አምራቹ ነው። ስለዚህ የግዢውን ደረሰኝ አትጣሉ። ሞደሙን ያለ ኪራይ የሚሰጥ ኩባንያ ካላችሁ ደግሞ አትግዙ፤ ምክሬ ኪራይ ለሚከፍሉት ነው።

ከሁሉ በላይ ላሳስብ የምወደው የተከራያችሁትን ስለ መመለስ ነው። አንድ ወዳጄ ቤት ሲለቅ ሞደሙን እንዲመልስለት ለደባሉ ትቶለት ሄደ። ደባሉ ረሳው። ቢሉ ወደ አሮጌው አድራሻ ሲመላለስ ቆየና ዕዳው ለሰብሳቢዎች ተላለፈ። ወዳጄ ይህን ያወቀው ለሥራው ቫን ሊገዛ ብድር ጠይቆ ክሬዲቱ ተበላሽቷል ተብሎ በተመለሰ ጊዜ ነው። በዚህ አገር ክሬዲት ማለት ለስደተኛ ዋስ ማለት እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን። እንግዲህ ሞደሙን ራሳችሁ ወስዳችሁ አስረክቡ፤ ተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በሚቀጥለው ወር ቢል ላይም ኪራዩ መነሣቱን አረጋግጡ።

14 ዶላር ማንንም አያበለጽግም። ለባለቤቴ መዋያ ግን የወር የወረቀትና የቀለም እርሳስ ወጪ ሆኗል። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቢላችሁን አውጡና አንብቡ።