ኮሎምበስ፣ የአል-ፈርጋኒ ማይል እና የኩባው «መስጊድ»



የኦክቶበር ወር ሁለተኛው ሰኞ በአሜሪካ የኮሎምበስ ቀን ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን አንዳንዶቹ ከሥራ ሲያርፉ፣ እኛ ቴሌግራም ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይጎርፍልናል። አንዱ ኮሎምበስ «ምድር ጠፍጣፋ ናት» የሚሉትን ሁሉ አሳፍሮ አሜሪካን አገኘ ይላል። ሌላው፣ የእኛው ወገን የሚቀባበለው፣ ሙስሊሞች ቀድመውት ደርሰው መስጊድ ሠርተው ነበር ይላል። የበለጠ የሚያሳስበን ይሄ ሁለተኛው ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በ1492 የተማረ ሰው ምድር ክብ መሆኗን ያውቅ ነበር። የጠፍጣፋዋን ተረት በሰፊው ያሰራጨው አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1828 ባሳተመው የኮሎምበስ ታሪክ ነው። የወቅቱ ክርክር ስለ ምድር ቅርጽ ሳይሆን ስለ መጠኗ ነበር፤ በዚህ ክርክር ደግሞ የተሳሳተው ኮሎምበስ ራሱ ነው።

ስህተቱ ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም፤ የዩኒት ስህተት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኸሊፋ አል-መእሙን ሊቃውንትን ወደ ሲንጃር ሜዳ ላከ። እነሱም የሰማዩ ዋልታ ከፍታ በአንድ ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ በቀጥታ ተጉዘው ርቀቱን ለኩ። አል-ፈርጋኒ ለአንድ ዲግሪ 56 ከ2/3 ማይል ብሎ የመዘገበው ቁጥር በላቲን መጻሕፍት በኩል ኮሎምበስ ዘንድ ደረሰ። ኮሎምበስ ቁጥሩን እንዳለ ወሰደ፣ ማይሉን ግን የጣሊያን ማይል አደረገው። የዐረቡ ማይል ከ1,800 ሜትር በላይ ሲሆን የጣሊያኑ 1,480 ሜትር ገደማ ነው። 56 ከ2/3ን በ360 ብናባዛ 20,400 ማይል ይመጣል፤ በጣሊያኑ ማይል ሲሰላ 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ትክክለኛው ዙሪያ 40,000 ገደማ ነው። የምድር ሩብ በአንድ ዩኒት ተዋጠ ማለት ነው! (ናሳ ወደ ማርስ የላከውን መንኮራኩር በ1999 ያጣው በተመሳሳይ ምክንያት መሆኑን ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ ሰምተናል።) መሃል ላይ ያላሰበው አህጉር ባይኖር ኖሮ፣ እስያ ከመድረሳቸው በፊት ስንቃቸው ባለቀ ነበር።

በዓሉም የራሱ ታሪክ አለው። ኮሎምበስ የዛሬዋን ዩናይትድ ስቴትስ ዋና ምድር አልረገጠም። በ1891 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ 11 ጣሊያናውያን በመንጋ ተገደሉ፤ በማግስቱ ዓመት ፕሬዝዳንት ሃሪሰን ኮሎምበስ የደረሰበት 400ኛ ዓመት እንዲከበር አወጁ። የተናቁት ስደተኞች በእሱ ስም ክብር ፈለጉ፤ ይህን መረዳት አያቅተንም። ነገር ግን በ1495 ኮሎምበስ 550 ያህል የታይኖ ሰዎችን በባርነት ወደ ስፔን ጭኗል፤ 200 የሚሆኑት መንገድ ላይ ሞቱ። በርክሌይ ከተማ በ1992 ቀኑን ለነባር ሕዝቦች የሰጠችው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ «መስጊዱ»። በ2014 የቱርኩ ፕሬዝዳንት ኤርዶአን ሙስሊሞች በ1178 አሜሪካ ደርሰዋል፣ ኮሎምበስም በኩባ ኮረብታ ላይ መስጊድ አይቷል ብለው ነበር። በእኛ ጀመዓ ዛሬም የሚዞረው ይኸው ነው። በማስታወሻው ላይ ያለው ግን አንድ ተራራ አናቱ ላይ ውብ መስጊድ የሚመስል ጉብታ እንዳለው የሚገልጽ ምሳሌ ብቻ ነው። ሰውየው ግራናዳ በተያዘችበት ዓመት ከስፔን የተነሳ ነው፤ መስጊድ ያውቃል። ኮርቴስም በኋላ የሜክሲኮን የጣዖት ቤቶች «መስጊድ» እያለ ጽፏል፤ ታዲያ እነሱንም የእኛ ናቸው ልንል ነው?

መድረሳ ውስጥ ሐዲስ ስንቀራ መጀመሪያ የምንጠየቀው ሰነዱን ነው። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል። ወሬው ለእኛ ደስ የሚል ሲሆን ማጣራቱ የሚቀርበት ፈቃድ አላየንም። ከዚያም በላይ፣ ክፍል ውስጥ አንዱ ይህንን አንስቶ ሲጋለጥ፣ የአል-ፈርጋኒ እውነትም አብሮ ተረት ይመስላል።

ተረቱ የሚሸፍነው እውነተኛ ታሪክ መኖሩ ደግሞ ያሳዝናል። ሙስሊሞች አሜሪካ ገብተዋል፤ በብዛት የገቡት ግን በሰንሰለት ታስረው ነው። በ1520ዎቹ መጀመሪያ ሂስፓኒዮላ ላይ ባሮች ያመጹት በኮሎምበስ ልጅ በዲዬጎ የሸንኮራ እርሻ ነበር፤ ከአመጸኞቹ ብዙዎቹ እስልምና ከገባበት ከወሎፍ ሕዝብ የመጡ ነበሩ። በ1526 የስፔን ንጉሥ ወሎፎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይገቡ ከለከለ። ከዛሬዋ ሴኔጋል ተወስዶ በ1807 ቻርልስተን የደረሰው ዑመር ኢብን ሰኢድ ደግሞ የሕይወት ታሪኩን በ1831 በዐረብኛ ጽፏል፤ መግቢያው ላይ ያሰፈረው ሱረቱል ሙልክን ነው። የእጅ ጽሑፉ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በኢንተርኔትም በነፃ ይነበባል። በጀመዓችን ዐረብኛ የሚያነቡ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት አይደሉም። ያለ አስተርጓሚ ሊያነቡት ይችላሉ።