የአእምሮ ሕሙማን እንቅልፍ በነርሶች ሥልጠና ተገቢውን ሥፍራ ሊያገኝ ይገባል

አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መድኃኒቱን ስለመውሰዱ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈም ሊጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሕመሙ ከማገርሸቱ በፊት ለመድረስ ያስችላል።

በባይፖላር ሕመም የእንቅልፍ ፍላጎት በድንገት መቀነስ ከዋነኞቹ የማኒያ ምልክቶች አንዱ ነው። በስኪዞፍሬኒያና በድባቴም የእንቅልፍ መዛባት ሕመሙን ያባብሳል፤ ሕመሙም በተራው እንቅልፍን ይነሳል።

በአገራችን የዚህ ሥራ ዋነኛ ኃላፊነት በነርሶች ላይ የሚያርፍበት ምክንያት አለ። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገውና ኢትዮጵያም ተግባራዊ ያደረገችው መርሐ ግብርም አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እንዲሰጥ የሚያደርግ ነው።

ሥልጠናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕመምተኛው በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲነሳ፣ ጠዋት የፀሐይ ብርሃን እንዲያገኝ፣ ቀን ላይ አልጋ ላይ እንዳይውል፣ ከሰዓት በኋላ ቡናን፣ በማናቸውም ጊዜ ደግሞ ጫትን እንዲተው ማገዝ የነርስ ሥራ ነው። እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስተኛ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጥገኝነት ስለሚያስከትሉ፣ የምክር አገልግሎቱ ይበልጥ ተፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ይፋ የሆነ በ40 ተኝተው ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናትም በመደበኛ ሕክምና ላይ የተጨመረ የእንቅልፍ ሕክምና የእንቅልፍ እጦትን እንደቀነሰ አመልክቷል።

ጉዳዩ የመኖሪያ ሁኔታንም ይመለከታል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በካዛንቺስ የኮሪደር ልማት ምክንያት በ2017 ዓ.ም. በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። በእንዲህ ዓይነት ለውጥ ውስጥ የሚያልፍ ሕመምተኛ የለመደው ጤና ጣቢያ ይርቀዋል፤ የመኝታ ሥፍራውና የዕለት ውሎውም ይለወጣል። አዲሱ ጤና ጣቢያ የመድኃኒቱን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የእንቅልፉን ሁኔታ የሚያሳይ መዝገብም ሊረከብ ይገባል። አብረውት የሚኖሩ ቤተሰቦችም ለውጡን ቀድመው የሚያዩ ናቸውና የምክሩ ተካፋይ መሆን አለባቸው።

ይሁን እንጂ ሥልጠና ብቻውን በቂ አይደለም። በሆስፒታል ክፍሎች የሌሊት መብራት፣ ጫጫታና የመድኃኒት መስጫ ሰዓት የሚወሰኑት በአስተዳደሩ ነው። ራሱን የመጉዳት አደጋ ያለበት ታካሚ ሌሊት የሚደረግለት ቁጥጥር ሊላላ አይገባም፤ አደጋ የሌለበትን ግን በየጊዜው መቀስቀስ ጥቅሙ ሊመረመር ይገባል።

ስለሆነም የጤና ቢሮዎችና የሆስፒታል ኃላፊዎች የሥልጠና ዕቅድ ሲያወጡ የተረኛ ነርሶችን የሥራ ሥርዓትም አብረው ሊያዩ ይገባል። ነርሷ የተማረችውን ሌሊት ላይ መፈጸም ካልቻለች፣ ሥልጠናው ለታካሚው የሚያስገኘው ፋይዳ አይኖርም።