እምቢታው በጽሑፍ ይሁን

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ዛሬ ይህን ምሳሌ የምናነሣው ስለ ቅኔ ወይም ስለ ታሪክ ልንጽፍ አስበን አይደለም። በየዓመቱ በክረምቱ ማለቂያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚታይ፥ ነገር ግን በማናቸውም መዝገብ የማይገኝ አንድ ነገር ስላለ ነው። ይኸውም ልጇን አንደኛ ክፍል ልታስገባ የመጣች እናት «ሞልቷል» ወይም «ወረቀት ይጐድላል» ተብላ መመለሷ ነው።

የምትመለሰውም በቃል ነው። ማን እንደ መለሳት፥ ስለ ምን እንደ መለሳትና በየትኛው ቀን እንደ መለሳት የሚያስረዳ ቍራጭ ወረቀት በእጇ የለም። ብዙ ጊዜም የሚመልሳት ርእሰ መምህሩ ሳይሆን የበሩ ዘበኛ ነው። ይህች እናት ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳ «ልጄን አልቀበል አሉኝ» ብትል «ማን አለሽ?» ይሏታል። ትምህርት ቤቱም ቢጠየቅ «እኛ አላልንም» ለማለት ይችላል። ባልተጻፈ ውሳኔ ላይ ይግባኝ ማለት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃን አልቀበልም ካለ፥ እምቢታውን ከነምክንያቱ ጽፎ፥ ማኅተም አድርጎና ፈርሞ ለወላጅ ይስጥ። ይህ እስኪሆን ድረስም እኛ መጻፍ የተማርነው መጻፍ ላልቻሉት ወላጆች ጸሐፊ እንሁን።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ሕፃን የመማር መብት አለው ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልደነገገም። ነገር ግን በአንቀጽ 41 ኢትዮጵያውያን ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በአንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደ ሆኑ ይገልጻል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉ ግዴታና በነፃ የሚሰጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃንን ሲቀበል ዕዳውን መክፈሉ ነው እንጂ ቸርነት ማድረጉ አይደለም። ዕዳ ያለበት ሰው አሁን አልከፍልም ሲል ቢያንስ ምክንያቱን መናገር ይገባዋል።

«ወረቀት ይጐድላል» የሚባለውን ነገር ደግሞ ጠጋ ብለን እንየው። ወረቀት የተባሉት በተለይ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጅ የነዋሪነት መታወቂያ ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ሆኖም ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ቢልም፥ በገጠር በቤቷ ወልዳ በኋላ ለሥራ ወደ ከተማ የመጣች እናት ቀኑን አስልታ ወደ ቀበሌ ካልሄደች የልጇ ስም በመዝገብ የለም።

አሁን የልደት ወረቀቱን ስትጠይቅ «መታወቂያ አምጪ» ትባላለች። መታወቂያ ስትጠይቅ «ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ» ትባላለች። ለመሸኛው ወደ አገሯ እንዳትሄድ የመሳፈሪያ ገንዘብ የላትም፤ የቀን ሥራዋም ይቀርባታል። ሄዳ ብትመለስም ቤት ያከራያት ሰው «በእኔ የቤት ቁጥር አትመዘገቢም» ሊላት ይችላል። ቀበሌው የራሱ ደንብ አለው፤ አከራዩም የራሱ ፍርሃት አለው፤ ርእሰ መምህሩም የበላይ ትእዛዝ አለባቸው። የሁሉም ምክንያት ተደምሮ ግን የሚወድቀው በአንድ የ7 ዓመት ልጅ ላይ ነው። ወረቀቱን ያላወጣው ልጁ አይደለም፤ ዓመቱ የሚቃጠልበት ግን ልጁ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ጥቂቶቹ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጀመሪያው ቀን «መዝጋቢው የለም» ተባለች። በሁለተኛው ቀን «የልደት ካርድ የታለ?» ተባለች። በሦስተኛው ቀን «እኅቴ፥ አሁንማ ሞልቷል፤ ለከርሞ ነይ» ተባለች። እንግዲህ በሦስት ቀን ሦስት ምክንያት መሆኑ ነው። ጓደኞቻችን አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉላት። ማመልከቻውም ልጁ ያልተመዘገበበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጣት ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አንብበው ጥቂት ዝም አሉና «ይህን ከምጽፍ ልጁን ብመዘግብ ይቀለኛል» አሉ። ልጁም የልደት ካርዱን እስከ ጥር ወር እንዲያቀርብ ተብሎ ተመዘገበ። ይህን የምናነሣው ርእሰ መምህሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በቃል «አይሆንም» ማለት እጅግ ቀላል፥ ጽፎ መፈረም ግን እጅግ ከባድ መሆኑን ከዚህ ተምረናል።

አቤት ማለት ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ጠበኛን ያስቆም እንደ ነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። እስከ 1966 ዓ.ም. ለውጥ ድረስ በበታች ዳኞች የተረታ ሰው ጉዳዩን እስከ ዙፋን ችሎት ያደርስ ነበር። ዛሬም በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አይጠፉም። ዳሩ ግን አባቶቻችን ሲሟገቱ የኖሩት ይልቁንም ስለ መሬት ነው። ርስቱን የተነጠቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ይሟገታል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት በር የተመለሰበት ሰው ግን «ምን ይደረግ፥ ዕድሉ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መሬት ለሌለው ሰው ልጅ ከትምህርት ሌላ ምን ርስት አለው?

ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉ ማየትም አይከፋም። በእንግሊዝ አገር ልጅ ያልተቀበለ ትምህርት ቤት ምክንያቱንና ወላጅ ይግባኝ ለማለት ያለውን መብት የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲደርሰው ሕግ ያስገድዳል። ወላጅ ይግባኙን ለማቅረብ ቢያንስ 20 የትምህርት ቀኖች ይሰጡታል። ጉዳዩን የሚሰሙት ከትምህርት ቤቱ ነፃ የሆኑ ቢያንስ 3 ሰዎች ናቸው፤ ወላጅም በፊታቸው ቀርቦ ያስረዳል፤ የወሰኑትንም ትምህርት ቤቱ ይፈጽማል። ይህም ሁሉ ሆኖ፥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ የትንንሾቹ ልጆች ክፍል ከ30 እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፥ የሚበዛው ይግባኝ አይሳካም። እዚያ ወላጅ የሚሟገተው ብዙ ጊዜ ለመረጠው ትምህርት ቤት ሲሆን እዚህ ለተገኘው ትምህርት ቤት ነውና ችግራችን አንድ አይደለም። ሆኖም እዚያ የተሸነፈ ወላጅ እንኳ ስለ ምን እንደ ተሸነፈ ያውቃል፤ እኛ የምንፈልገው ይህን ነው። ደግሞም ለዚህ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የታዘዘው ለሕፃናት በር ለምን አይሆንም?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ክፍሉ ከሞላ ማመልከቻ ወንበር አይሆንም» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ እንዲይዝ ታስቦ ሳለ ከዚያ እጅግ የበለጠ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ በእነርሱ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመር አንልም። የምንለው፥ ከሞላ ሞልቷል ተብሎ ይጻፍ፤ በአቅራቢያው ቦታ ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደ ሆነም በዚያው ወረቀት ይገለጽ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰቦች ከመካከል ከተማ ወደ ዳር ተዛውረዋል። ሰው ሲዛወር ልጁም አብሮ ይዛወራል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አይከተለውም። ትምህርት ቢሮ አዲስ ክፍል የት መሠራት እንዳለበት የሚያውቀው በቁጥር ነው። የተመዘገቡት ልጆች ይቈጠራሉ፤ ከበር የተመለሱት ግን አይቈጠሩም። የእምቢታው ደብዳቤ ቅጂ ለወረዳው ቢደርስ ኖሮ፥ በመስከረም ወር የት የት ክፍል እንደ ጐደለ ከዚያው ክምር ላይ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ይግባኙ ለአንዱ ልጅ ባይሳካ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ምስክር ይሆናል።

ከዚህም በቀር «ሞልቷል» የሚለው ቃል ለሁሉ እኩል የማይሠራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት የሞላ ክፍል ከሰዓት በኋላ በአንድ ስልክ ቦታ ሲገኝበት ሰምተናል። ዘመድ ያለው ሰው ይግባኝ አያስፈልገውም፤ ይግባኝ የሚያስፈልገው ዘመድ ለሌለው ነው። ሞልቷል ብሎ የፈረመ ሰው ግን በማግስቱ ሌላ ልጅ ቢያስገባ ፊርማው ይጠይቀዋል።

እንግዲህ ማኅበራችን ምን ያድርግ? ሐሳባችን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በምዝገባው ሳምንታት ፈቃደኛ የሆኑ ተማሮች ሁለት ሁለት ሆነው በየሰፈሩ ይቀመጡ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃቸዋል። ማመልከቻው አጭርና ትሑት ይሁን። ለርእሰ መምህሩ ይጻፍ፤ የልጁን ስምና ዕድሜ፥ ወላጅ የመጣችበትን ቀን፥ ማን ምን እንዳላት ይግለጽ፤ በመጨረሻም ሁለት ነገር ይለምን፤ ልጁ እንዲመዘገብ፥ የማይመዘገብ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ። ወረቀት የጐደላት እናት ወረቀቱን እስክታወጣ ልጁ በጊዜያዊነት እንዲማር ትጠይቅ። ግልባጩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሁን። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሳይሆንና ቁጥር ሳይሰጠው ማንም ከዚያ አይነሣ፤ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ከቃል አይሻልምና።

መልስ ካልተገኘ ከወረዳው ወደ ክፍለ ከተማው፥ ከዚያም ወደ ትምህርት ቢሮ ማመልከት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታን ያለ ክፍያ፥ በጽሑፍም በቃልም ይቀበላል፤ ሕፃናትንና ሴቶችን የሚመለከት እንባ ጠባቂም አለው። የሕግ ተማሮች ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከሎች ስላሏቸው ከበድ ያለውን ጉዳይ ወደዚያ ይውሰዱት።

«ተማሪ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር ታሪካችንን ይመልከት። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሮች አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፥ የሚበዙትም በመምህርነት አገልግለዋል። እኛ ዓመት አልተጠየቅንም፤ የተጠየቅነው የክረምት ማለቂያ ጥቂት ቀን ነው። እያንዳንዳችን እዚህ የደረስነው አንድ ቀን አንድ መዝጋቢ ስማችንን በመዝገብ ላይ ስለ ጻፈው ነው። ያ መዝጋቢ በዚያን ቀን «ለከርሞ ኑ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን በከርሞው እንመለስ ነበር?

ስለዚህ የማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባው ላይ እንዲያቀርበው፥ የፈቃደኞችም ስም ከሐምሌ በፊት እንዲመዘገብ እንጠይቃለን። ኮሚቴው የማይቀበለው ከሆነ ግን፥ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠን።