የጓሮው ቀፎ የማኅበር ሀብት የሚሆንበት መንገድ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ቦታ ይዛ የምትገኝ መሆኗ ይታወቃል። ይሁንና አብዛኛው ገበሬ ንብ ማነብን ከእርሻው ጎን እንደሚሠራ ትርፍ ሥራ ስለሚቆጥረው፣ ማሩ ከነእጩና ከነሰፈፉ ለጠጅ ነጋዴ ይሸጣል። ዋጋውንም የሚወስነው ነጋዴው ነው።

ይህ የሆነው ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት የሚገኘው ማር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሲሆን፣ በደንብ ከተያዘ ዘመናዊ ቀፎ 15 ኪሎና ከዚያም በላይ ይገኛል። ነገር ግን ዘመናዊው ቀፎ የማር ማጣሪያና የሰም ማተሚያ መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ቀፎ ያለው ገበሬ እነዚህን ለብቻው ገዝቶ አያዋጣውም። ሃያ ሠላሳ አናቢዎች ቢተባበሩ ግን አንድ መሣሪያ ለሁሉም ይበቃል። ሳይበስል የተቆረጠ፣ የውሃው መጠን ከመቶ 20 ያለፈ ማር በቀላሉ ስለሚቦካ፣ ማሩን በጋራ መርምሮና በደረጃ ለይቶ ማቅረብ የተሻለ ገዢ ያስገኛል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ጉዳይ የጋራ መሆን ያለበት ምን እንደሆነ ነው። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት የተቋቋሙት የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከመሬት ጀምሮ በየደረጃው በሬውንና ማረሻውን ጭምር የጋራ የማድረግ ዓላማ ነበራቸው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው እንዲመርጥ ሲፈቀድለት አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ገበሬው የጠላው መተባበርን ሳይሆን መገደድን ነበር። ስለሆነም ቀፎው በባለቤቱ ጓሮ፣ በባለቤቱ እጅ ይቆይ፤ የጋራ የሚሆኑት ማጣሪያው፣ መጋዘኑ፣ ሚዛኑና ሽያጩ ናቸው።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ እርሱን የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 አባልነት በፈቃደኝነት፣ ድምፅም ለእያንዳንዱ አባል አንድ ብቻ እንዲሆን ደንግገዋል። ይህ በተግባር እንዲውል የማድረጉ ኃላፊነት በቅድሚያ የሚወድቀው ዛሬም በብዙ ቦታ ገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው ቀበሌ መሪዎች ላይ ነው። መሪው አባል ለማብዛት ሲል ማንንም በስም ዝርዝር ማስገባት የለበትም። የቀበሌው ሊቀ መንበር የማኅበሩንም ገንዘብ ያዥ ሊሆን አይገባም። ማሩ ሲረከቡት በአባሉ ፊት ይመዘን፤ ደረሰኝ ይሰጠው፤ ከትርፉም በአስረከበው ማር ልክ ይከፈለው። ሒሳቡ ማንበብ ለማይችሉት ጭምር በስብሰባ በቃል ይነገር።

ከዚህም ሌላ መሪዎች ብቻ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። ሰብል ሲያብብ በቀትር የሚረጭ ፀረ ተባይ የጎረቤትን ንብ ይፈጃል። የርጭቱን ሰዓት ንቦች ከቀፎ ወደማይወጡበት ምሽት ማዛወር የቀበሌ ስምምነት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ከከብት የተከለሉ ተራሮችንም መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ለሴቶች ለቀፎ ማስቀመጫ መፍቀድ ይቻላል።

እነዚህ ሳይሟሉ የሚቋቋም ማኅበር መሣሪያ ቢታደለውም፣ አባላቱ ማራቸውን በጎን ለነጋዴ እየሸጡ እርሱ ባዶ ቀፎውን ታቅፎ ይቀራል። እምነት ካለ ግን የትርፍ ሥራው የሙሉ ጊዜ መተዳደሪያ የማይሆንበት ምክንያት የለም።