መቆለፊያው ይታወቅ፤ መክፈቻው ይሰወር

በቁሓ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተሰለፉት ሱቆች ባለቤቶች የሒሳብ መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ማዛወር ይዘዋል። አስመጪው የዋጋ ዝርዝሩን፥ ላኪውም ውሉን የሚልከው በኢንተርኔት ነው። ሥራው በዚህ ፈጥኗል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ከሣጥን ወጥቶ በሽቦና በአየር ሲጓዝ የሚጠብቀው ዘበኛ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው።

ዘበኛው ክሪፕቶግራፊ የሚባለው ጥበብ ነው። ይኸውም ጽሑፍን መክፈቻ ከሌለው ሰው የሚሰውር፥ የላኪውን ማንነትና ቃሉ በመንገድ አለመለወጡን የሚያረጋግጥ ስሌት ነው። ይህን ስሌት እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ እንደ አዲስ አይጽፈውም። ባለሙያዎች ያዘጋጁትን፥ ላይብረሪ የሚባለውን የፕሮግራም ክፍሎች ስብስብ ወስዶ በሥራው ውስጥ ያገባዋል። ከእነዚህ ስመ ጥር የሆነው በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ነው። አጻጻፉ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ በመሆኑ ማንም ሊያነበውና ሊመረምረው፥ ያለ ክፍያም ለንግዱ ሊያውለው ይችላል።

«አሠራሩ ለሌባም ጭምር ከታወቀ ምን ይጠብቃል?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነውን ሐሳብ የኔዘርላንድ ተወላጁ ኦጉስት ከርክሆፍስ በ1875 ዓ.ም. ጽፎታል። እንደ እርሱ አሳብ ደኅና ዘዴ ማለት አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ፥ መክፈቻው እስካልታወቀ ድረስ ጉዳት የማያገኘው ነው። አባቶቻችንም ከአፋር ምድር በግመል ተጭኖ የመጣውን አሞሌ እያገላበጡ ተመልክተው ይቀበሉ ነበር እንጂ፥ ተሸፍኖ «እመኑኝ» ስለ ተባሉ አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ሻጭ «ማንም የማያውቀውን የምስጢር ዘዴ እኔ ራሴ ፈጥሬአለሁ» ቢላችሁ፥ ይህ የሚያስመሰግነው ሳይሆን የሚያስጠረጥረው ነገር ነው። ሌላ ሰው ያልመረመረው መቆለፊያ ጉድለቱን የሚያሳየው ሌባ ከገባ በኋላ ነውና።

ነገር ግን ክፍት መሆን ብቻውን አይበቃም። መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. በዚሁ በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ጉድለት ይፋ ሆነ። ጉድለቱ እንዲህ ያለ ነበር፦ አንድ ሰው ሦስት ቃል ልኮ «የላክሁት ሺህ ቃል ነውና መልስልኝ» ቢል፥ ኮምፒዩተሩ ቆጥሮ ሳያረጋግጥ፥ በአጠገቡ የተቀመጠውን የሌላ ሰው ምስጢር ጨምሮ ይመልስ ነበር። ይህም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ቆየ። በጊዜው የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች በሥራው ይጠቀሙ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን ለእርሱ የሰጠው ሠራተኛ ግን አንድ ብቻ እንደ ነበር ተነግሯል። ሁሉም የሚቀዳበት፥ ማንም የማይጠርገው የጋራ ጕድጓድ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ በመዝገብ ያለ ገንዘብ ከእጅ ሲርቅ ምን እንደሚመስል የትግራይ ነጋዴ አይቶታል። ከዚያ ተርፎ ሱቁን እንደገና የከፈተ ሰው፥ በደካማ መቆለፊያ ሳቢያ ሁለተኛ ሊከስር አይገባውም። ሕጉም ቢሆን አብሮን ተራምዷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኮምፒዩተር ለተደረገ ፊርማና ውል ዕውቅና ሰጥተዋል። እንግዲህ መክፈቻውን በቸልታ የጣለ ሰው ማኅተሙን በመንገድ እንደ ጣለ ይቈጠራል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚገዛ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። አንደኛ፥ የምስጢር መጠበቂያው ሌሎች የመረመሩት የታወቀ ላይብረሪ ነውን? ሁለተኛ፥ የትኛው እትም ነው? ጥገናውስ እስከ መቼ ነው? ለምሳሌ የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል 1.1.1 እትም ለሕዝብ በነጻ ይሰጥ የነበረው ጥገና ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል። ሦስተኛ፥ መክፈቻው የሚቀመጠው በማን እጅ ነው? ሠራተኛ ሲለቅስ ይለወጣልን?

ምክር ቤታችንም እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ የናሙና ውል አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፥ የጥገናንም ዋጋ ከግዢው ዋጋ ለይቶ እንዲጻፍ ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። መቆለፊያው በነጻ ተገኝቷል፤ ዘወትር መጠበቁና መጠገኑ ግን ገንዘብና ትጋት ይጠይቃል። ይህን ወጪ የሚሸሽ ነጋዴ የሱቁን በር ሳይዘጋ እንደሚያድር ሰው ነው።